በገና ከአሮጌ ቺፕ፦ የኤዋይ-3-8910 ሥራ ማስታወሻ

ጥር 25 ቀን 2017፣ እሁድ

የድምፅ ቺፖቹ ደረሱ። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ሦስት ጥቁር ባለ 40 እግር ቺፖች፣ እግራቸው እንዳይጣመም ስፖንጅ ላይ ተሰክተው። ጀርባቸው ላይ ኤዋይ-3-8910ኤ ይላል። ካልጻፍኩት በሁለት ሳምንት ውስጥ የትኛው ሽቦ የት እንደገባ ይጠፋብኛል፣ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የሠራሁትን ሁሉ እዚህ አሰፍራለሁ።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የነበሩት የቤት ኮምፒውተሮችና ጌሞች የተቀዳ ሙዚቃ የሚያስቀምጡበት ሜሞሪ አልነበራቸውም። ስለዚህ ድምፁን እዚያው በዚያው የሚፈጥር ቺፕ ይገጠምላቸዋል። ፕሮሰሰሩ ጥቂት ቁጥሮች ይጽፍለታል፣ ቺፑ ደግሞ ሌላ ቁጥር እስኪመጣለት ድረስ ያንኑ ድምፅ ያሰማል። ልጅ ሆኜ ቤታችን ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ካሴት የሚጎርስ ጌም ነበረን፤ የጃፓኑ ጌም ኮፒ ነበር። የሱ ሙዚቃ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በኋላ ስከፍተው ውስጡ ያገኘሁት አንድ ጥቁር የደረቀ ጠብታ ብቻ ነው። ቺፑ ከጠብታው ሥር ተቀብሯል፣ ምንም አይነበብም። ምናልባት ያኔ ነው ነገሩ የያዘኝ።

ኤዋይ-3-8910ን ያወጣው ጄኔራል ኢንስትሩመንት የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1978። ትንሹ ወንድሙ 8912 አምስትራድ ሲፒሲና ስፔክትረም 128 የሚባሉ የቤት ኮምፒውተሮችና ቬክትሬክስ የሚባል ጌም ውስጥ ገብቷል። ያማሃ የሠራው አቻው ዋይኤም2149ኤፍ ደግሞ አታሪ ኤስቲ የሚባል ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሦስት የድምፅ ቻናል፣ አንድ የሹክሹክታ ድምፅ ምንጭ፣ አንድ ኤንቨሎፕ አለው። ኤንቨሎፕ ማለት የድምፁን አነሳስና አወራረድ የሚመራው ክፍል ነው። ሁሉም የሚታዘዘው በ16 ሬጅስተሮች፣ ቁጥር በሚጻፍባቸው ትንንሽ የሜሞሪ ቦታዎች፣ ነው። በቃ ይሄው ነው።

ለምን ይሄን መረጥክ ላለኝ ጓደኛዬ የመለስኩለትን እዚህም ልጻፈው። የኮሞዶር 64 ኮምፒውተሩ የድምፅ ቺፕ ሲድ፣ ቦብ ያኔስ የነደፈው፣ ከሁሉም የሚበልጥ ድምፅ አለው፤ ማጣሪያ ስላለው እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ነው የሚያስበው። ግን ውድ ነው፣ የመጀመሪያው ዓይነት 12 ቮልት ይፈልጋል፣ ገበያው ላይም አስመስሎ የተሠራው ብዙ ነው። ቢቢሲ ማይክሮ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤስኤን76489 ደግሞ ርካሽና ቀላል ነው፣ ነገር ግን የኖታ ቁጥሩ እስከ 1023 ብቻ ስለሚቆጥር (ቁጥሩ ሲተልቅ ድምፁ ይወፍራል) በ4 ሜጋኸርዝ ሰዓት፣ ማለትም ቺፑ በሚሠራበት ምት፣ ከ122 ኸርዝ በታች አይወርድም። እኔ ወፍራም ድምፅ እፈልጋለሁ። ኤዋይ እስከ 4095 ይቆጥራል። በ2 ሜጋኸርዝ ሰዓት እስከ 30.5 ኸርዝ ይወርዳል። ስለዚህ እሱ ሆነ።

ዓላማው ለጊዜው ትዝታን በክራር አመታት ማጫወት ነው።

የካቲት 2፣ እሁድ

ዛሬ ድምፅ ሰማሁ።

ብሬድቦርዱ (ሳይበየድ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ስምንቱን የዳታ መስመሮች ከአርዱዪኖ፣ ኮድ ከሚጫንበት ትንሽ ቦርድ፣ እግር 2 እስከ 9 አገናኘኋቸው። ሁለቱን መቆጣጠሪያዎች፣ ቢዲአይአርን እና ቢሲ1ን፣ ኤ0 እና ኤ1 ላይ አደረግኋቸው። ቢሲ2 በቀጥታ 5 ቮልት ላይ ነው። ቺፑ የራሱ ሰዓት የለውም፣ ከውጭ ነው የሚሰጠው፤ አርዱዪኖው በ16 ሜጋኸርዝ ስለሚሄድ አንዱን ታይመሩን 8 ጊዜ አካፍሎ 2 ሜጋኸርዝ በእግር 11 እንዲያወጣ አደረግሁት። ከምንጩ አጠገብ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር። የቻናል ኤ መውጫ በ1 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ፣ በ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አልፎ ወደ አሮጌው ቴፓችን።

ኮዱን ሰቀልኩና ቴፑን ከፈትኩት። ሽሽሽሽ። ልክ ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ። ኖታ የሚባል ነገር የለም።

ሽቦ የተሳሳትኩ መስሎኝ አንድ ሰዓት ያህል በቴስተር ለካሁ። ሽቦው ልክ ነበር። ጥፋቱ ሬጅስተር 7 ላይ ነው። ይህ ሬጅስተር የትኛው ቻናል ኖታ፣ የትኛው ሹክሹክታ እንደሚያወጣ ይወስናል፣ ግን የተገላቢጦሽ ነው፦ 0 ማለት ክፈት፣ 1 ማለት ዝጋ። እኔ ሦስቱን ኖታ ልከፍት ብዬ 7 ጻፍኩ። ያ ማለት ሦስቱንም ኖታ ዘግቼ ሹክሹክታውን በሦስቱም ላይ ለቅቄዋለሁ። ወደ 56 ቀየርኩት።

ላ ወጣች። ንጹሕ፣ ጥርት ያለች፣ ያ የልጅነት ድምፅ። ስልኬ ላይ ያለው መቃኛ 440 አለ። እናቴ ከጓዳ «ምንድነው የሚያፏጨው?» አለችኝ፤ ጠርቻት አሰማኋት።

የካቲት 5፣ ረቡዕ ሌሊት

ይሄኛው ቀን በደንብ መጻፍ አለበት፣ ምክንያቱም ይህን ቺፕ የሚነካ ሁሉ አንድ ቀን ያገኘዋል።

እሁድ ዕለት የተጠቀምኩበት ኮድ ከምሳሌ ላይ የወሰድኩት ነበርና ለማንበብ አይመችም። ትናንት ቁጭ ብዬ አስተካክዬ ጻፍኩት፣ እያንዳንዱን እግር በስሙ እየጠራሁ። የትዝታን አምስት ኖታዎች ሰጠሁት፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ከዚያ ላይኛዋ ዶ። ቁጥራቸው 478፣ 426፣ 379፣ 319፣ 284 እና 239 ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 2 ሚሊዮንን ለ16 ስታካፍለው 125,000 ይሆናል፣ እሱን ደግሞ ለምትፈልገው ኸርዝ ታካፍላለህ።

አጫወትኩት። አምስቱም ኖታዎች አንድ ዓይነት ድምፅ ሆኑ። አንድ! ስድስተኛዋ ደግሞ ጭራሽ አልተሰማችም። ድምፁም ከእሁዱ ትንሽ ቀነስ ብሏል።

ቺፑ የተቃጠለ መሰለኝ። ቀየርኩት፣ ያው ነው። መብራት ጠፋና ለአንድ ሰዓት ተኩል ጨለማ ውስጥ ስለዚህ ነገር ሳስብ ቆየሁ። ሲመጣ መቃኛውን አስጠግቼ ያቺን አንድ ድምፅ ለካኋት፣ 486 ኸርዝ። 125,000ን ለ486 ሳካፍለው 257 መጣ። 257 ማለት 256 ሲደመር 1 ነው።

እዚህ ጋ ነው የገባኝ። የኖታው ቁጥር በሁለት ሬጅስተር ነው የሚጻፈው፣ ታናሹ ክፍል ሬጅስተር 0፣ ታላቁ ክፍል ሬጅስተር 1። አምስቱም ኖታዎች ከ256 እስከ 511 መካከል ስለሆኑ የሁሉም ታላቅ ክፍል 1 ነው። ታናሹ ግን ለየቅል መሆን ሲገባው እሱም 1 ሆኗል። ማን ጻፈው?

እኔው ነኝ የጻፍኩት። ቺፑ ሁለቱ መቆጣጠሪያ እግሮች ሁለቱም ሲነሱ (5 ቮልት ሲሆኑ) «ይህ ቁጥር የሬጅስተር ስም ነው» ብሎ ይይዛል፤ ቢዲአይአር ብቻውን ሲነሳ ግን «ይህ ቁጥር የሚጻፍ ነው» ብሎ ያዘው ሬጅስተር ውስጥ ይጽፈዋል። አዲሱ ኮዴ መጀመሪያ ቢዲአይአርን፣ ከጥቂት ማይክሮ ሰከንድ በኋላ ቢሲ1ን ያነሳል። ሬጅስተር 1ን ልመርጥ ስል መስመሩ ላይ ያለው ቁጥር 1 ነው፣ ቀድሞ የተመረጠው ሬጅስተር 0 ነው፣ በዚያች ቅጽበት ቢዲአይአር ብቻውን ተነስቷል። ቺፑ የታዘዘውን አደረገ፤ ሬጅስተር 0 ውስጥ 1 ጻፈ። ላይኛዋ ዶ ላይ ታላቁ ክፍል 0 ስለሆነ አጠቃላይ ቁጥሩ 1 ሆነ፣ ማለትም 125,000 ኸርዝ። ያንን ሰው አይሰማውም። የድምፁ መቀነስም በዚሁ ነው፦ ቮልዩም 15 ጽፌ ቀጥዬ ሬጅስተር 13ን ስመርጥ ቮልዩሙን 13 አድርጌበታለሁ።

መፍትሔው ሁለቱን እግሮች በአንድ ትእዛዝ እኩል ማንሳት ነው። ሁለቱም የአርዱዪኖው አንድ ፖርት (አንድ የእግሮች ቡድን) ላይ ስላሉ አንድ መስመር ኮድ በቂ ነው። የእሁዱ ኮድ አስቀያሚ የመሰለኝም ለዚሁ ሲል ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ትዝታ በሥርዓቱ ተሰማች።

የካቲት 9፣ እሁድ

ዛሬ የቺፖቹን ማንነት መረመርኩ። ቺፖቹ ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ ፊታቸው ተፍቆ ሌላ ስም እንደሚታተምባቸው አውቃለሁ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ አሴቶን ያለበትን፣ በጥጥ አድርጌ ጀርባቸውን አሸሁ። የሁለቱ ጽሑፍ ጥጡ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። ሻጩ ማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም፣ ግን አዲስ ብሎ ነው የሸጠልኝ።

ከጽሑፉ ይልቅ የሚታመን ፈተና አለ። ሬጅስተር 1 የሚጠቀመው አራት ቢት፣ ማለትም እስከ 15 ያለ ቁጥር፣ ብቻ ነው። 31 ጽፈህ መልሰህ ስታነበው እውነተኛው ኤዋይ ትርፉን ቢት ጥሎ 15 ይመልስልሃል፤ የያማሃው ግን የጻፍክለትን እንዳለ 31 ይመልሳል። አንደኛው ቺፕ 15 አለ። ሁለተኛው 31 አለ፤ ይሄኛው ዋይኤም2149 ነው፣ የኤዋይ ስም ለብሶ የመጣ። ሦስተኛው ምንም አይመልስም፣ ሞቷል።

ሁለት የተለያዩ ቺፖች ስላገኘሁ አልከፋኝም። አንድ ልዩነት አላቸው፦ የኤዋይ ኤንቨሎፕ 16 ደረጃ ሲወርድ የያማሃው 32 ደረጃ ይወርዳል። በጆሮ ይለይ እንደሆነ አየዋለሁ።

የካቲት 16፣ እሁድ

ክራር። የተመታ ክር ድምፁ ወዲያው ይነሳና ቀስ ብሎ ይሞታል። ለዚህ ኤንቨሎፑ አለ። ቅርጽ 0 ማለት ከላይ ጀምረህ ወርደህ ዝም በል ነው። ግማሽ ሰከንድ እንዲፈጅ 3906 ጻፍኩለት፣ ሬጅስተር 12 ላይ 15፣ ሬጅስተር 11 ላይ 66። ሬጅስተር 13ን በጻፍክ ቁጥር ኤንቨሎፑ እንደገና ይጀምራል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ አመታት አንድ ጽሑፍ ነው።

በአንድ ክር አምሮ ይሰማል። በሁለት ክር ግን ተበላሸ። ኤንቨሎፑ አንድ ብቻ ነው፣ ቻናሎቹ ሦስት ናቸው። ሁለተኛውን ክር ስመታ እየሞተ የነበረው የመጀመሪያው ክር አብሮ ተነስቶ ይጮሃል።

የድሮዎቹ የጌም ሙዚቀኞች ይህን ያውቁ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ኤንቨሎፑን ትተው በፕሮሰሰሩ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ከስክሪኑ ጋር እኩል፣ የየቻናሉን ቮልዩም በእጅ ይቀንሱ ነበር። እኔም እንደነሱ አደረግሁ። የቮልዩሙ ደረጃዎች በእኩል አይደለም የሚወርዱት፣ እያንዳንዱ ወደ 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ እንደሚሰማው ማለት ነው፣ ስለዚህ ከ15 ወደ 0 ዝም ብለህ ብትቆጥር ራሱ እንደ ክር ይሞታል። ሦስት ክር አብረው ሲሰሙ ደስ ይላል።

ኤንቨሎፑ ግን ያለሥራ ተቀመጠ።

የካቲት 23፣ እሁድ

ጾም ከገባ ሳምንቱ ነው። ጠዋት ሬድዮ ላይ በገና ተለቀቀ። ቤታችን ጾም ከገባ ሬድዮው ከሌላ ጊዜ ይልቅ ቶሎ ይከፈታል። ቡና እየጠጣሁ ሳለ ያ የሚነዝረው ድምፅ ያዘኝ። በገና ዝም ብሎ «ድም» አይልም። ከድምፁ ጋር ሌላ ጥዝዝ የሚል ነገር አብሮ ይሄዳል፣ ንብ ቀፎ ውስጥ እንደሚል። እንዝራው ነው። አውታሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ከሥሩ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ቆዳው በትክክለኛው ቦታ ሲሆን አውታሩ በተርገበገበ ቁጥር በርኩማውን ለጥቂት ይነካዋል። በእያንዳንዱ ርግብግቢት አንድ መነካካት። ድምፁ ሹል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ያን ጊዜ ያለሥራ የተቀመጠው ኤንቨሎፕ ትዝ አለኝ።

ኤንቨሎፑ ድምፅን ለማውረድ ነው የተሠራው፣ ግን ፍጥነቱን ብትጨምረው ራሱ ድምፅ ይሆናል። ቅርጽ 8 ከላይ ወደ ታች ይወርድና እንደገና ከላይ ይጀምራል፣ እንደ መጋዝ ጥርስ። በሰከንድ መቶ ጊዜ ብታስደግመው የ100 ኸርዝ ድምፅ ነው። አታሪ ኤስቲ ላይ ወፍራሙን ባስ የሚያወጡት በዚህ ነበር። ቻናሉ የሚሰጠው ግማሹ ከፍ ግማሹ ዝቅ ያለ አራት ማዕዘን ሞገድ ነው፤ እሱ ውስጥ ያሉት ጎዶሎ ተከታዮች (የመነሻው ድምፅ 3፣ 5፣ 7 እጥፍ የሆኑት) ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ባዶ ቧንቧ ይመስላል። መጋዙ ግን ሁሉም ተከታይ አለው። ከዚህ ላይ ደግሞ ደረጃው በ3 ዴሲቤል ስለሚወርድ መጋዙ ቀጥ ብሎ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ሹል ሆኖ ይወርዳል፤ ልክ አውታሩ በርኩማውን ነክቶ እንደሚመለስ።

የቡና ስኒዬን ሳላነሳ ኮዱን ጻፍኩ። የቻናል ኤን ኖታ ዘጋሁ፣ ቮልዩሙን ለኤንቨሎፕ ሰጠሁ፣ የኤንቨሎፑን ቁጥር 71 አደረግሁ። 2 ሚሊዮን ለ256 ሲካፈል 7812.5፣ ለ71 ሲካፈል 110 ኸርዝ። ጥሬ መጋዝ ሆኖ ወጣ፣ ሹል ግን የሞተ። አይንቀሳቀስም። ከዚያ የቻናሉንም ኖታ ከፈትኩና 1136 ጻፍኩለት፣ 71 በ16 ሲባዛ። ሁለቱ እኩል ሆኑ፤ ገና አልተንቀሳቀሰም። 1137 አደረግሁት። በዚህ ጊዜ ድምፁ መተንፈስ ጀመረ። የሁለቱ ልዩነት ከአንድ ኸርዝ አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ተንሸራቶ ለመመለስ አሥር ሰከንድ ይፈጅበታል፣ በዚያ መሃል ንዝረቱ ይከፈታል፣ ይጠባል፣ ይከፈታል። 1140 ላይ ደግሞ በሁለት ሰከንድ ተኩል አካባቢ ይዞራል። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አንስቼ ዝም ብዬ አዳመጥኩት። ከ1978 ቺፕ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም።

እናቴ እንደገና መጣች። በዚህኛው ጊዜ ምንድነው አላለችም። ቁጭ ብላ ሰማች።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ችግር አለ። ኤንቨሎፑ ለንዝረቱ ስለዋለ ድምፁን የሚገድለው ነገር የለም። ቻናሉ አንዴ ለኤንቨሎፕ ከተሰጠ የቮልዩም ቁጥሩ አይሠራም። ስለዚህ በገናዬ አንዴ ከተነካ አይሞትም፣ እንደ ወፍጮ ይቀጥላል።

የማውረዱን ሥራ ከቺፑ ውጭ ማድረግ ግድ ሆነ። መርካቶ ሄጄ ብርሃን ሲያይ መቋቋሙ የሚቀንስ ሬዚስተር፣ ኤልዲአር የሚሉትን፣ ሁለት ገዛሁ። አንዱን ከአንድ ኤልኢዲ ጋር ፊት ለፊት አጋጥሜ ብርሃን እንዳይገባው በጥቁር ቴፕ ጠቀለልኩት። የቺፑ ድምፅ በኤልዲአሩ በኩል አልፎ ይወጣል፣ ከሥሩ 10 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ። ኤልኢዲው ሲበራ ድምፁ ያልፋል፣ ሲጠፋ ይታፈናል። የዚህ ነገር ውበት ኤልዲአሩ ሲበራ ፈጣን፣ ሲጠፋ ግን ዘገምተኛ መሆኑ ነው፤ መጀመሪያ ቶሎ ይወርዳል፣ ከዚያ ጭራው ይረዝማል። የአውታር አሟሟት ነው። በኮድ ይሄን ለማስመሰል ብዙ ቁጥር ይፈጃል፣ ኤልዲአሩ ግን በተፈጥሮው ያደርገዋል።

ማታ ላይ ግን ከድምፁ ጀርባ ሌላ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። መቃኛው 490 ገደማ አለኝ። ልቤ ደነገጠ፣ ያ የ486ቱ ጉድ የተመለሰ መስሎኝ። አልነበረም። አርዱዪኖው ኤልኢዲውን የሚያደበዝዘው በሰከንድ 490 ጊዜ እያበራና እያጠፋ ነው፣ ኤልዲአሩም ያንን በትንሹ ያሳልፋል። የታይመሩን ፍጥነት ወደ 31 ኪሎኸርዝ ከፍ አደረግሁት፣ ፉጨቱ ጠፋ።

መጋቢት 7፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ የሰፈራችንን የበገና መምህር ለመንኳቸውና ቤት መጡ። ሽቦውን ሲያዩ ምንም አላሉም። ወንበሩን ወደ ቴፑ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «በል አሰማኝ» አሉ።

የትዝታን ኖታዎች ከታች ወደ ላይ አሰማኋቸው። አንዴ አልበቃቸውም፣ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ሁለት ነገር ነገሩኝ።

አንደኛ፣ «ሁሉም አውታር አንድ ዓይነት ይነዝራል። እንዝራ እኮ ለየአውታሩ ለብቻው ነው የሚስተካከለው፣ ልጄ። ወፍራሙ ሌላ ነው፣ ቀጭኑ ሌላ።» ይሄ ቀላል ነው። ለሁሉም ኖታ ተመሳሳይ የመንሸራተቻ ልዩነት ሰጥቼ ነበር፤ ለየኖታው የተለያየ እሰጣለሁ።

ሁለተኛው ከበደኝ። «ሦስተኛዋ አልተቃኘችም። ወጣ ብላለች።» ሦስተኛዋ ሚ ናት። ስሌቴን ከፈትኩ። እዚህ ባስ ላይ የኤንቨሎፑ ቁጥሮች ትንንሽ ናቸው፣ ሚ 47.4 ትፈልጋለች፣ ቺፑ ደግሞ 47 ወይም 48 ብቻ ነው የሚያውቀው። 47 ሰጥቼዋለሁ። የወጣው 166.2 ኸርዝ ነው፣ መሆን የነበረበት 164.8። ከአንድ ግማሽ ድምፅ መቶ ክፍል 15 ያህሉ ነው ስህተቱ። በጆሯቸው ብቻ ነው ያገኙት፣ በአሮጌ ቴፕ ስፒከር።

«ቺፑ ከዚህ በላይ አይችልም» አልኳቸው። «ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው የሚቆጥረው።»

«ታዲያ አንተ በምንድነው የምትቃኘው?»

ስልኬን አሳየኋቸው። የፒያኖ ቅኝት ነው፣ ላ 440። በገናቸውን በጨርቁ እንዳለ ጭናቸው ላይ አደረጉና ከፈቱት። የመጀመሪያዋን አውታር ለድምፃቸው እንዲመች አድርገው ጠመዘዙ፣ ዝቅ ብለው አብረው እያዜሙ፤ ሌሎቹን ከሷ ጋር እያስማሙ አንድ በአንድ ወሰዱ። 440 የሚባል ነገር አላስፈለጋቸውም። መነሻዋ ድምፃቸው ናት፣ ሌሎቹ ከሷ ጋር ይስማማሉ፣ በቃ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

አምስት ቀን ሙሉ ቁጥር ስጽፍ ሰነበትኩ። ነገሩ ግን መምህሩ ቤት ውስጥ እያሉ ነው የተፈታው፣ እኔ ነኝ የዘገየሁት።

ቺፑ ሙሉ ቁጥር ብቻ ከቆጠረ ቅኝቱን ከሙሉ ቁጥር ልጀምር። አውታሮች በጆሮ ሲስማሙ በመካከላቸው ያለው ዝምድና ትንንሽ ቁጥሮች ናቸው፦ ሶል ለዶ 3 ለ2፣ ሚ ለዶ 5 ለ4፣ ሬ ለዶ 9 ለ8፣ ላ ለዶ 5 ለ3። ፒያኖው እነዚህን ሁሉ ትንሽ ትንሽ አጣሟቸዋል፣ ከየትኛውም ኖታ መነሳት እንዲቻል። እኔ ከየትኛውም መነሳት አልፈልግም። ስለዚህ ዶን በእነዚህ ሁሉ ያለ ቀሪ የምትካፈል ቁጥር ላይ ባደርጋትስ?

ዶ 90። ሬ 80። ሚ 72። ሶል 60። ላ 54። ላይኛዋ ዶ 45።

አንድም ክፍልፋይ የለም። 90ን ለ72 አካፍለው፣ በትክክል 5 ለ4 ነው። 90ን ለ54፣ በትክክል 5 ለ3። መነሻዋ 86.8 ኸርዝ ትሆናለች፤ በፒያኖው ስም የላትም፣ ለወንድ ድምፅ ግን ትመቻለች። ለቻናሎቹ ኖታ እነዚሁኑ በ16 አባዛሁ፣ ዶ 1440 ሆነች፣ እና ለየአውታሩ የተለያየ ጥቂት ጨመርኩ፤ ለወፍራሟ 2፣ ለቀጭኗ 5፣ በመሃል ያሉትን በጆሮ።

የስልኩ መቃኛ ሚ ላይ ቀይ አበራ፣ ዝቅ ብላለች ይላል። ሁለቱን አብሬ ሳሰማቸው ግን ዶ እና ሚ ምንም አይጣሉም፣ አንዷ በሌላዋ ውስጥ ትገባለች። የስልኩን መቃኛ ዘጋሁት።

ቺፖቹንም አወዳደርኩ። የያማሃው 32 ደረጃ ስላለው መጋዙ ለስላሳ ነው፤ ለሌላ ሥራ እመርጠዋለሁ። የኤዋይ 16 ደረጃዎች ግን በየወረዱበት ትንሽ ይቧጭራሉ፣ ያ መቧጨር ደግሞ እንዝራውን ይመስላል። ኤዋይውን ሶኬት ላይ አስገብቼ ቦርዱን በየድኩት፣ ከእንግዲህ አይነሳም።

መምህሩን ስልክ ደውዬ በስልኩ አሰማኋቸው። በስልክ በደንብ አይሰማም አሉኝ፣ ቅዳሜ ይመጣሉ። አንቺሆዬንም አምጣ ብለዋል።

አንቺሆዬ ላይ ተይዣለሁ። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ዶን 80 ሳደርጋት ሬ ፍላት 75፣ ፋ 60፣ ላ 48 ሆነው በጥሩ ሁኔታ ይገባሉ። ሶል ፍላት ግን 56 እና ሩብ ትፈልጋለች። 56 ካልኩ ወደ ላይ ትሄዳለች፣ 57 ካልኩ ወደ ታች። ሁለቱንም አዘጋጅቼ ሁለት ቁልፍ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ ቁጥሩን ሳልነግራቸው አሰማቸዋለሁ።